በሶው ውስጥ የገባው ግራሶ

እኔ ቡዳ በላው፣ ዛር ወረደበት፣ ጥላ ተከተለኝ ሲባል ነጠላዬን አጣፍቼ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ አሰላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ይመሰክርልኛል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ሥር ሰው ያለቅሳል ብሎ ሲንቀጠቀጥ፣ ባትሪ ይዤ ወጥቼ ገመድ የተጠመጠመባትን የጎረቤት ፍየል ፈትቼ የተመለስኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ ተረት የሚጣፍጣት አሮጊት ናት እንዳትሉኝ። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው በሌሊት ነው ይባላል፣ እኔን የገጠመኝ ግን በቀን ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ ደመናው ገና ከጭላሎ ተራራ ሳይወርድ። ሰው ሲበደል የበደለውን ያውቃልና ንዴቱን የሚያሳርፍበት አያጣም፣ እኔ ግን ማን እንደበደለኝ እንኳ ሳላውቅ ይኸው እስከ ዛሬ እንደተናደድኩ አለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሴቶች በማኅበር ሆነን በሶ እናዘጋጃለን፣ ገብሱን እንለቅማለን፣ እንቆላለን፣ በማሽን ፈጭተን በላስቲክ እያሸግን እንሸጣለን። እኔ ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዷ ነኝ፣ ሥራዬ ግን ለቀማ ነው፣ ከግቢው በር አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠጠሩንና እንክርዳዱን ከገብሱ እለያለሁ። ወደ ማሽኑ ክፍል አልገባም፣ ብናኙ ያስለኛል። ይህችን ልብ በሉልኝ፣ ማሽኑ ከተተከለ ጀምሮ እግሬ ያንን ክፍል አልረገጠም፣ ተፈጭቶ የወጣውንም በሶ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

አንድ ቀን በሶአችንን ወደ ሮቤ ወስዶ የሚያከፋፍለው ነጋዴ ካርቶኖቹን በሙሉ መልሶ አመጣና በሩ ላይ አራገፋቸው።

«እማማ አስካለ፣» አለኝ፣ «ይህ በሶ ነው ወይስ ጋራዥ?»

አንዱን ከፍቼ አሸተትኩት፣ እውነትም አንድ ነገር አለው፣ ግን ቶሎ አይያዝም፣ ሽው ብሎ ይጠፋል። ሞቅ ባለ ውሃ በማንኪያ በጠበጥኩትና ብርጭቆው ውስጥ እንዲሰክን ተውኩት፣ ትንሽ ቆይቶ ላዩ ላይ ቀጭን ቅባት ወጣ፣ ዝናብ ሲዘንብ መኪና የቆመበት ኩሬ ላይ እንደምታዩት ዓይነት፣ ቀለሙ የሚለዋወጥ። እንግዲህ ሕፃናት ናቸው ይህን ጠዋት ጠዋት የሚጠጡት።

ሥራ አስኪያጃችን ግርማ ይባላል፣ ንፍጡን እየጠረግኩ ያሳደግኩት የጎረቤት ልጅ ነው፣ አሁን ተምሮ ክራባት ማሰር ጀምሯል። ሁላችንንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበና ነገሩን በአፍታ ጨረሰው።

«ከማሽጊያው ጋር የምትውለው ማን ናት? ዘይነባ። ፀጉሯን ቅቤ የምትቀባው ማን ናት? ዘይነባ። በቃ፣ ቅባቱ ከየት እንደመጣ ታወቀ።»

ዘይነባ ከጢቾ ወዲያ ካለ ገጠር ተድራ የመጣች ሴት ናት፣ ባሏ ጋሪ ሲገለብጠው ወገቡ ተጎድቶ ቤት ከዋለ ወዲህ ጎጆውን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። እኔን አኮ ትለኛለች፣ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ ግርማ ተጠጋች።

«የኔ ቅቤ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል? ወላሂ ላሜ ይህን ብትሰማ በቀንዷ ነው የምታነሳህ።»

ሴቶቹ ሳቁ፣ ግርማ አልሳቀም። እስኪጣራ ድረስ ሥራዋን ታቁም፣ ካልተጣራም ትሰናበት አለ። አስቡት እስቲ፣ ሥራውን ብቻ አይደለም የምታጣው፣ ከተማው ትንሽ ነው፣ የሕፃናት ምግብ የመረዘች ተብላ ስሟ ከወጣ ማን እንጀራ ያስጋግራታል፣ ማንስ ልብስ ያሳጥባታል? እኔ ደግሞ ሳይጣራ በሚፈረድ ፍርድ ደሜ ይፈላል፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ያልሰረቅኩትን ጠመኔ ሰረቅሽ ብሎ አስተማሪው ስላንበረከከኝ ነው ትምህርቱን ጥዬ የወጣሁት።

«ማሽኑ አይጠየቅም እንዴ?» አልኩት።

መካኒኩ ገዛኸኝ ተጠራ። ጠዋቱን ሙሉ ማሽኑን ሲፈታ ዋለ፣ እኔ ከጥላዬ ሥር ሆኜ የመፍቻውን ድምፅ እሰማለሁ፣ በመጨረሻ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ወጣና አስረዳን። ግራሶ የሚቀባው ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ብቻ ነው፣ እሱ ከመፍጫው ውጭ ነው፣ በመካከላቸው ብረት አለ፣ ከብረቱም ላይ ጎማ አለ፣ ጎማው አልተቀደደም፣ አልላላም።

«እማማ፣ በዚያ በኩል ትንኝ አታልፍም፣» አለኝ።

«ከቅቤው አይደለም፣ ከማሽኑም አይደለም፣ ታዲያ ከሰማይ ነው የሚወርደው?»

«እሱን እኔ አላውቅም፣ ሰማይ አልጠግንም።»

አያችሁ፣ ሁሉም እጁን ያወጣል፣ ጥፋቱ ደግሞ ተንከባሎ ተንከባሎ አቅም የሌላት ሴት ጭን ላይ ይቀመጣል። በሉ እንግዲያውስ የሚያውቅ ሰው ይምጣ ብዬ ነጋዴውን ወጥሬ ያዝኩት፣ እሱም አልከፋም፣ ደውሎ በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ከአዳማ አንዲት የጥራት ተቆጣጣሪ አስመጣልን። ሰላም ትባላለች፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ትሑት ልጅ፣ ይዛ የመጣችው ክንድ የምታህል በባትሪ የምትሠራ መብራት ነው።

«ይህ መብራት በጨለማ ነው የሚሠራው፣ እማማ፣» አለችኝ። «የማሽን ዘይትና ግራሶ ሲያርፍባቸው መልሰው ያበራሉ፣ በዓይን የማይታየው ጠብታ እንኳ ይታያል።»

ስለዚህ ዕቃ ቤቱን አጨለምነው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ የበሩን ሥር በባዶ ጆንያ ደፈንን። ውስጥ የገባነው ሰላም፣ ግርማ፣ ገዛኸኝ፣ ዘይነባና እኔ ነን፣ እኔ የገባሁት ዘይነባ ብቻዋን ከወንዶቹ ጋር ተዘግቶባት እንዳትመረመር ብዬ ነው። ዕቃ ቤቱ ከማሽኑ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ በሰፈሩ ጠፍቷል፣ የማሽኑ ቺንጋ ደግሞ፣ ሞተሩን ከመፍጫው የሚያያይዘው ጠፍር፣ ተፈትቶ ገዛኸኝ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ለምሰማው ነገር ሰበብ እንዳትፈልጉልኝ ነው፣ እኔ ፈልጌ ፈልጌ ደክሞኛል።

ሰላም መጀመሪያ ሁለት ሳህን አስቀመጠች፣ በአንዱ ከዘይነባ ቅቤ፣ በሌላው ከገዛኸኝ ጣሳ የወጣ ግራሶ። መብራቱን ስታበራው ጨለማው ሐምራዊ ሆነ፣ የሁላችንም ጥርስ ፈገግ አለ። ቅቤው ደብዘዝ ብሎ ቢጫ ቢጤ መሰለ፣ ግራሶው ግን ከሩቅ እንደሚታይ የብየዳ እሳት ሰማያዊ ሆኖ በራ። ከዚያ ከተመለሰው በሶ አንዱን ፓኬት ከፍታ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ አፈሰሰችው። ሰማያዊ ነጥብ በነጥብ፣ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ይመስል ነበር።

«ግራሶ ነው፣» አለች ሰላም። «ቅቤ የለበትም።»

«አልሐምዱሊላህ!» ዘይነባ አጨበጨበች። «ቅቤዬ ተፈታ!»

ግርማ አፉን ይዘጋል ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አታውቁትም። «ቅቤው ተፈታ፣ እጇ ገና አልተፈታም። ማሽኑን ነክታ በዚያው እጇ አሽጋ ቢሆንስ?» አለ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። «እንግዲያው የሁላችንም እጅ ይታይ! የሷ ብቻ አይደለም፣ ያንተም፣ የኔም። ገዛኸኝ ሥራው ስለሆነ ይቅር ይባላል፣ ከሱ ሌላ ግን እጁ ያበራ ሰው፣ አለቃም ይሁን መሥራች፣ ዛሬውኑ ከዚህ ግቢ ይወጣል። ተስማማህ?»

«ተስማማሁ።»

«በለቃሚዋም፣ በአሻጊዋም፣ በአስኪያጁም?»

«አልኩ እኮ፣ እማማ!»

ሰላም መብራቱ ስለጋለ ትንሽ ይረፍ ብላ አጠፋችው። በጨለማው ውስጥ ቆመን ጠበቅን። ያኔ ሰማሁት፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ እም... የሚል፣ የሞላ ወፍጮ ሊቆም ሲል የሚያሰማው ዓይነት ወፍራም ድምፅ። ጆሮዬን አላመንኩትም፣ እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ፣ ግድግዳው ይንዘፈዘፋል።

«ገዛኸኝ፣ ማሽኑን ማን አስነሳው?»

«በምን ይነሳል፣ እማማ፣ ቺንጋው እዚህ ትከሻዬ ላይ ነው።» ጠጋ ብሎ አዳመጠ። «ነፋስ ነው መሰለኝ፣ ቆርቆሮውን።»

ነፋስ አልነበረም። እኔ በአርሲ ነፋስ ውስጥ ነው ያረጀሁት፣ ነፋስ እንዲህ አያጉረመርምም። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፣ ትንሽ፣ ጠብ የሚል፣ ከበሩ አካባቢ። ሰላም መብራቱን መልሳ ስታበራው በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ አንድ ሰማያዊ ጠብታ አለ፣ ስንገባ አልነበረም፣ ወለሉን እሷው ራሷ አስቀድማ አይታዋለች። ምናልባት ከጫማችን ነው አለች፣ እሺ አልን፣ ምን እንላለን? መብራቱን አጠፋችው፣ ጠብ አለ፣ አበራችው፣ ሌላ ጠብታ፣ ከበሩ ወደ እኛ ጠጋ ብሎ። ሁላችንም ወደ ጣሪያው አየን፣ ጣሪያው ደረቅ ነው።

«አኮ፣ እንውጣ፣» አለችኝ ዘይነባ ክንዴን ይዛ።

«ሳይጣራ? ዛሬ ከወጣን ነገ መልሰው አንቺን ነው የሚይዙሽ። እጅሽን አሳዪ።»

እጇን ዘረጋች፣ መዳፏን፣ ጀርባውን፣ በጣቶቿ መካከል። ምንም። ንጹሕ፣ ጨለማ እጅ። ግርማ ዘረጋ፣ ምንም። ገዛኸኝ ይቅር ብንለውም ለማስተያየት ብሎ እጁን ከመብራቱ ሥር አገባ፣ እመኑኝ፣ በቀን ብርሃን እስከ ክርኑ ጠቁሮ ያየነው ያ ግራሶ የጠገበ እጅ አላበራም። ሰላም መብራቱን አስጠጋች፣ አራቀች፣ እንደገና አስጠጋች።

«ታጥበህ ነው?»

«በምን ውሃ? ይኸው አሽቺው!»

«ያረጀ ግራሶ አንዳንዴ ላያበራ ይችላል...» አለች፣ ግን እኛን አይደለም፣ ራሷን ነው ያሳመነችው።

ቀጥሎ የኔ ተራ ነው። እጄን የዘረጋሁት በኩራት ነበር፣ ለምን እዋሻችኋለሁ፣ የፍትሕ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። መብራቱ አረፈበት። ሁለቱም እጆቼ አበሩ። ነጥብ አይደለም፣ ጭረት አይደለም፣ ከጣቴ ጫፍ እስከ አንጓዬ ሰማያዊ ጓንት ያጠለቅኩ ይመስል አበሩ፣ የመዳፌ መስመር ሁሉ ይነበባል። ጣቴን በጣቴ አሸሁት፣ ደረቅ ነው። አሸተትኩት፣ ገብስ ገብስ ይላል። እያየሁት ግን ከሌባ ጣቴ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንጠለጠለ፣ ወፈረ፣ ወደቀ። ጠብ። ዝቅ ብዬ አየሁ፣ ከጫማዬ አጠገብ ጠብታው በራ።

ዘይነባ ክንዴን ለቀቀች። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድምፅ ቆመ፣ ሰው ጨርሶ እንደሚያጠፋው፣ ቀስ እያለ።

በሩን የከፈተው ግርማ ነው፣ ከፈተ ከማለት ገፈተረው ማለት ይሻላል። ፀሐይ ላይ ወጥቼ እጄን አየሁት፣ የሁልጊዜው እጄ ነው፣ የተሰነጣጠቀው፣ ንጹሑ። ወለሉን ተመልሰን አየን፣ ደረቅ ሲሚንቶ። ሰላምን እዚያው በር ላይ ያዝኳት።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እኔ ማሽኑን ነክቼ አላውቅም፣ ይህ ከየት መጣ?»

«እማማ፣ ምናልባት ቅባት ተቀብተው... ቫዝሊን፣ ሎሽን፣ እነሱም ያበራሉ...»

«በሕይወቴ ቫዝሊን አልተቀባሁም!»

«እንግዲያስ አላውቅም፣» አለችና ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች፣ መብራቱን ሳታጠፋ ከመያዣው ውስጥ ከተተችው።

አላውቅም! ስንቱ ነው አላውቅም ያለኝ በዚያ ቀን። መካኒኩ አያውቅም፣ የተማረችው አታውቅም፣ አስኪያጁ አያውቅም፣ እኔም እጄን ተሸክሜ የምዞረው ሴትዮ አላውቅም። ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ፣ ቃል ሰጥቻለሁ። ወንፊቴንና መቀመጫዬን ከጥላዋ ሥር አነሳሁ።

ግርማ ተከተለኝ። «እማማ፣ ይተዉት በእግዜር፣ መብራቱ ተበላሽቶ ነው። እርስዎ እኮ ማሽኑን አይተውት አያውቁም።»

«እጁ ያበራ ይወጣል አላልንም?»

«እሱ ለሌላው ነው እንጂ ለእርስዎ...»

«አየህ? ዘይነባ ብትሆን ኖሮ መብራቱ ተበላሽቷል ትል ነበር?» ክራባቱን ማላላት ጀመረ። «እሷ ወደ ሥራዋ ትመለስ። በሰው ፊት ነው የከሰስካት፣ በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቃት።»

ጠየቃት፣ ይህን ሳላስደርግ አልወጣሁም። ከዚያ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ እንዲህ ነው የገዛ ማኅበሬን የለቀቅኩት፣ ያላጠፋሁትን ጥፋት ራሴ ፈርጄ።

አሁን ደግሞ የሚያንገበግበኝን ስሙ። ከወጣሁ ወዲህ በሶው ነጻ ሆነ። ያው ማሽን ነው፣ ያው ኩሽኔታ፣ ያው ጎማ፣ አንድ ነገር አልተቀየረም፣ ሰላም እየተመላለሰች በመብራቱ ታየዋለች፣ አንድም ሰማያዊ ነጥብ የለም አሉ። ነጋዴው ደስ ብሎት ከሮቤ ሌላ ሁሩታም መሸጥ ጀምሯል። ጎረቤቶቼ ጠበል ግቢ ይሉኛል፣ ጠበል የሚገባው የታመመ ነው፣ እኔ አልታመምኩም። የምፈልገው አንድ ሰው መጥቶ እንዴት እንደሆነ እንዲያስረዳኝ ነው። ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ ይነገረኝ፣ ካልሆነ ስሜ ይመለስልኝ፣ ይህ የሚበዛ ጥያቄ ነው?

ከሁሉ የከፋው ግን የዘይነባ ነገር ነው። እዚህ አገር ስንገናኝ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሳሳማለን፣ እሷ የኔን እጅ ትስማለች፣ እኔም የሷን፣ እስላም ክርስቲያን ሳንል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትመጣ ግን ያ ነገር እንዳይነካት ብዬ እጄን ከነጠላዬ ሥር እደብቃለሁ፣ ገብስ እንደያዝኩ አስመስላለሁ፣ ጉልበቴን አመመኝ ብዬ አልነሳም። ባለፈው ዓርብ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አኮ፣ ሰው ሁሉ ንጹሕ ነሽ ሲለኝ እርስዎ ብቻ ነዎት የሚጸየፉኝ። ምን አደረግኩ?»

ምን ብዬ ልመልስላት? ጥፋተኛ አይደለሽም ብዬ የተሟገትኩላት ሴት ፊቴ ቆማ ጥፋቷን ትጠይቀኛለች። ነጠላዬን ይበልጥ ስሰበስብ ጊዜ ጎንበስ ብላ እጄን ከነጠላው ሥር መዝዛ አወጣችና በግድ ሳመችው፣ አንዴ ጀርባውን፣ አንዴ መዳፉን።

ቀና ስትል ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ ምላሷን ከንፈሯ ላይ አሳለፈችና ቆመች። ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቷ ወረደ። የሻሿን ጫፍ አንስታ አፏን ጠረገች፣ ጨርቁን አየችው፣ አጥፋ በመዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

«ምነው?» አልኳት።

«ምንም፣ አኮ፣» አለችኝ፣ «ምንም የለም፣» እያለች ወደ በሩ ሄደች፣ እኔም እስከ ዛሬ ምን እንደቀመሰች አልጠየቅኳትም፣ እሷም ተመልሳ መጥታ አልነገረችኝም።